የሶፍትዌር ሪሊዝን በጊት ታግ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊት የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ሪሊዝ ደግሞ ለተጠቃሚ የሚወጣ የሶፍትዌር እትም ነው። እነዚህ ሐዋሳ ውስጥ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፣ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ታግ ምንድን ነው? ከብራንች በምን ይለያል?

ታግ በአንድ ኮሚት፣ ማለትም ጊት በመዘገበው አንድ የኮድ ሁኔታ ላይ፣ የሚለጠፍ ቋሚ ስም ነው። ጊት ኮሚትን የሚያውቀው ከፊደልና ከቁጥር በተሠራ ረጅም መለያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 40 ምልክት ይሆናል። ያንን ማንም በቃሉ አይይዝም። «ቪ1.2.0» ግን በስልክም ቢነገር ይያዛል።

ብራንችም፣ ማለትም ሥራው የሚቀጥልበት የኮሚቶች መስመር፣ ስም ነው፤ ግን ይሄዳል። አዲስ ኮሚት በገባ ቁጥር ዋናው ብራንች «ሜይን» ወደፊት ይራመዳል። ስለዚህ ዛሬ «ሜይን»ን ያወረደ ሰውና ከወር በኋላ ያወረደ ሰው የተለያየ ኮድ ይይዛሉ። ታግ ካለበት አይነቃነቅም። «ቪ1.2.0»ን መስከረም ላይም አውርዱት ግንቦት ላይ፣ የምታገኙት ያው ኮድ ነው።

ፕሮጀክቴ ትንሽ ነው። የሚጠቀምበትም አሥር ሰው አይሞላም። ታግ ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋል። እንዲያውም ትንሽ ፕሮጀክት ላይ ነው ቶሎ የሚጠቅመው፤ ምክንያቱም የሚጠይቃችሁ ሰው ቀጥታ ነው የሚደውልላችሁ።

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ኮድ) ሠራችሁ እንበል። መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ ፋርማሲ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ለመመዝገብ ተጠቀመበት። አንድ ቀን ባለቤቱ ይደውላሉ፤ «ጳጉሜን ላይ ቀኑ ይዛባል» ይላሉ። እናንተ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛውን ነው የጫኑት?» ብላችሁ ነው። ታግ ካለ «1.2.0» ይሏችኋል፣ ያንኑ ኮድ ከፍታችሁ ስህተቱን ታዩታላችሁ። ታግ ከሌለ «ያኔ በቴሌግራም የላካችሁልኝን» ይሆናል መልሱ። ያኔ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ትቆፍራላችሁ።

ታግ የሚደረገው እንዴት ነው? ሁለት ዓይነት አለ ሲባልስ?

ቀላሉ ዓይነት «ጊት ታግ ቪ1.0.0» ብሎ መጨረስ ነው። ይህ ስም ብቻ ነው። ማን እንዳደረገው፣ መቼና ለምን እንደተደረገ አይመዘግብም። ለራሳችሁ ማስታወሻ ይበቃል።

ለሪሊዝ የሚሆነው ሁለተኛው፣ ማብራሪያ ያለው ታግ ነው፦ «ጊት ታግ -ኤ ቪ1.0.0 -ኤም "የመጀመሪያው ሪሊዝ"»። ይህኛው በጊት ውስጥ ራሱን የቻለ መዝገብ ነው። ታግ ያደረገው ሰው ስም፣ ኢሜይል፣ ቀኑና መልእክቱ አብረው ይቀመጣሉ። «ጊት ሾው ቪ1.0.0» ስትሉ ሁሉም ይወጣል። ለአንድ ኮሚት ቅርቡን ታግ የሚነግረው «ጊት ዲስክራይብ» የሚባለው ትዕዛዝም ሌላ ነገር ካላዘዛችሁት በቀር የሚያየው ይህንን ዓይነት ብቻ ነው። ለሕዝብ የሚወጣ ነገር ላይ ሁልጊዜ ይህንን ተጠቀሙ፤ ልዩነቱ ሁለት ፊደል መጻፍ ነው።

ታግ አድርጌ ፑሽ አልኩ፤ ጊትሀብ ላይ ግን ምንም የለም። ለምን?

ኮሚትን ከኮምፒውተራችሁ ወደ ጊትሀብ፣ ማለትም ኮድ ወደሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ የሚልከው «ጊት ፑሽ» ብቻውን ታግ አይልክም። ስሙን ጠርታችሁ መላክ አለባችሁ፦ «ጊት ፑሽ ኦሪጅን ቪ1.0.0»።

«--ታግስ» የሚለውን መጨመርም ይቻላል። ችግሩ፣ ለሙከራ ያደረጋችሁትን ጭምር ጠራርጎ ይወስደዋል። «--ፎሎው-ታግስ» የተሻለ ነው። እሱ የሚልከው ማብራሪያ ያላቸውን፣ ያውም ከምትልኩት ኮሚት ጋር የተያያዙትን ብቻ ነው።

ቁጥሩን በምን ሕግ ልስጥ?

በብዛት የሚሠራበት «ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ» ነው። ሕጉን የጻፈው ከጊትሀብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን-ወርነር ነው። ሦስት ቁጥር አለ፤ ሜጀር፣ ማይነር፣ ፓች። ስህተት ብቻ ካስተካከላችሁ የመጨረሻው ይጨምራል። የድሮውን ሳትነኩ አዲስ ነገር ካከላችሁ መካከለኛው ይጨምርና የመጨረሻው ወደ ዜሮ ይመለሳል። የድሮውን ተጠቃሚ ኮድ የሚሰብር ለውጥ ካስገባችሁ የመጀመሪያው ይጨምራል።

ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ላይብረሪያችሁ ውስጥ የአንድን ፈንክሽን ስም አሳምራችሁ ቀየራችሁ። ለእናንተ ትንሽ ነገር ናት። ፋርማሲው ሶፍትዌር ላይ ግን ፕሮግራሙ አይነሳም። ስለዚህ 2.0.0 ነው። ትልቅ ቁጥር የሚሰጠው ብዙ ስለተሠራ አይደለም፤ ሰው የሚሰበርበት ነገር ስላለ ነው።

ከ1.0.0 በፊት ያለው 0 ገና በሙከራ ላይ ነን፣ ሁሉም ሊቀየር ይችላል ማለት ነው። ሰዎች ሥራቸውን ጥለውበት ሳለ 0.9 ላይ ዓመታት መቆየት ግን ተገቢ አይመስለንም። እየተጠቀሙበት ከሆነ 1.0.0 በሉት። አንድ ነገር ደግሞ፦ 1.9.0 ቀጥሎ 1.10.0 ይመጣል። 2.0.0 መሆን የለበትም፤ አሥርዮሽ ቁጥር አይደለም።

ቁጥሩ ፊት «ቪ» ይግባ ወይስ አይግባ?

አንዱን መርጣችሁ አትቀያይሩ። በሕጉ መሠረት ቨርዥኑ 1.2.0 ነው፤ «ቪ» የታጉ ስም ላይ የሚጨመር ልማድ ነው። የሊኑክስ ከርነልም የጊት ፕሮጀክት ራሱም በ«ቪ» ነው የሚያወጡት። «ጎ» በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠሩ ከሆነ ምርጫ የላችሁም፤ ጎ ያለ «ቪ» ታጉን አያየውም።

ቁጥሩን በዓመተ ምሕረት ማድረግ ይቻላል? ለምሳሌ 2017.13.0?

ይቻላል፤ ግን አስባችሁ ግቡበት። ዘመንን እንደ ቁጥር መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ኡቡንቱ 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. በ2024 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ለሚሠራ ሶፍትዌር የእኛን ዓመት መስጠት ደስ ይላል። የአገር ውስጥ ተጠቃሚ ብቻ ላለው ፕሮግራም እኛም አንቃወምም።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት። ጊት ምንም አይለውም። የእናንተ ወይም የሌላ ሰው ስክሪፕት ግን ወር ከ12 አይበልጥም ብሎ ከተጻፈ 2017.13.0 ላይ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ፊት ላይ የሚገባ ዜሮን አይቀበልም፤ 2017.01.0 ሳይሆን 2017.1.0 ነው የሚባለው።

ሦስተኛው ነው ትልቁ። በፈረንጅ ዓመት ጀምራችሁ መሀል ላይ ወደ እኛ ብትዞሩ ቁጥሩ ወደኋላ ይሄዳል። 2024.8.0 አውጥታችሁ መስከረም ሲጠባ 2017.1.0 ብትሉ፣ ፓኬጅ ማኔጀሮች (ላይብረሪ የሚጭኑና የሚያዘምኑ ፕሮግራሞች) የሚያዩት ቁጥር ብቻ ስለሆነ አዲሱን እንደ አሮጌ ይቆጥሩታል። ተጠቃሚው ዝማኔ አይደርሰውም፣ እናንተም አታውቁም። የውጭ አገር ሰው ደግሞ 2017ን ሲያይ ፕሮጀክቱ ከተተወ ዓመታት ያለፈው ይመስለዋል። ላይብረሪ ከሆነና ለዓለም ከወጣ በሴማንቲክ ቁጥር ሂዱ፤ የእኛን ቀን ታጉ መልእክት ውስጥ ጻፉት። እዚያ ማንንም አያደናግርም።

ታግ እና ሪሊዝ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ታግ የጊት ነው። «ሪሊዝ» የሚባለው ገጽ ጊትሀብ ወይም ጊትላብ በታጉ ላይ የሚሠራው ነው፤ የለውጥ ማስታወሻ፣ የሚወርድ ፋይል፣ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል) ይቀመጥበታል። ነገ ፕሮጀክቱን ወደ ሌላ ቦታ ብታዛውሩ ታጉ ከሪፖው (የፕሮጀክቱ ኮድና ታሪክ ከሚቀመጥበት ማኅደር) ጋር ይሄዳል፤ ገጹ ግን በራሱ አይሄድም። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ለውጦች ታጉ መልእክት ውስጥም አስቀምጡ።

የምሠራው በሞባይል ዳታ ነው። አንድ ሪሊዝ ብቻ ማውረድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ብዙ ሜጋባይትም ይተርፋል። «ጊት ክሎን --ዴፕዝ 1 --ብራንች ቪ1.2.0» ብላችሁ የሪፖውን አድራሻ አስከትሉ። «--ብራንች» ቢልም የታግ ስም ይቀበላል። የሚወርደው የዚያ ሪሊዝ ኮድ ብቻ ነው፤ የዓመታት ታሪኩ አይመጣም። ሲያበቃ «ዲታችድ ሄድ» የሚል ማሳሰቢያ ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ ብራንች ላይ አይደላችሁም ማለት ብቻ ነው።

ኔትወርክ ጨርሶ ከሌለ «ጊት በንድል» አለ። «ጊት በንድል ክሪኤት ሪሊዝ.በንድል --ኦል» ስትሉ ሙሉ ሪፖው ከነታጎቹ አንድ ፋይል ይሆናል። በፍላሽ ታቦር ላለ ጓደኛችሁ ትሰጡታላችሁ። እሱም ከፋይሉ ላይ እንደ ማንኛውም ሪፖ ክሎን ያደርጋል። ኮድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ «ጊት አርካይቭ» ከታጉ ላይ ንጹሕ ዚፕ ያወጣል። ፎልደሩን በእጅ ዚፕ አድርጎ በቴሌግራም መላክን ተዉት፤ ኮሚት ያላደረጋችሁት ፋይል፣ አንዳንዴም የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል አብሮ ይሄዳል።

ሪሊዝ አድርጌ ሳበቃ ስህተት አገኘሁ። ታጉን ወደ አዲሱ ኮሚት ላዛውረው?

ፑሽ ካላደረጋችሁት አዛውሩት፤ «ጊት ታግ -ዲ» ብላችሁ አጥፉና እንደገና ሥሩት። ማንም አላየውም።

ፑሽ ካደረጋችሁት ግን አታዛውሩት። አምስት ደቂቃ ቢሆነውም አታዛውሩት። ቪ1.2.1 አውጡ። ቁጥር አያልቅም፣ ዋጋም አያስከፍልም። የጊት መመሪያ ራሱ በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ ስህተት እንደነበረ ተናግራችሁ አዲስ ስም ስጡ።

ምክንያቱን እንየው። ታጉን ቀድሞ ያወረደ ሰው ኮምፒውተር ላይ የድሮው አለ። ከ2.20 ቨርዥን ወዲህ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ጀምሮ፣ ጊት ሰውየው ራሱ አስገድዶ ካላዘዘው በቀር ያለውን ታግ በአዲስ አይተካም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «1.2.0 ነው የያዝኩት» ይላሉ፣ የያዙት ግን የተለያየ ኮድ ነው። አንዱ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ አይሠራም። በስልክ ስታወሩ ይህ እንደሆነ የሚጠረጥር የለም። ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ ከሰጡ በኋላ ቃሉን እንደመለወጥ ነው።

አንዳንድ ቋንቋዎች ላይ ደግሞ በቴክኒክም አያስኬድም። ጎ የእያንዳንዱን ቨርዥን ቼክሰም (ይዘቱ መቀየሩን የሚያሳይ አጭር መለያ) በሕዝብ መዝገብ ላይ ይይዛል። ታጉን ብታዛውሩ ተጠቃሚዎቻችሁ የደኅንነት ስህተት ያያሉ፤ የሆነ ሰው ኮዱን የበረዘው ነው የሚመስላቸው። የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች በሚወጡበት ኤንፒኤም ላይ አንዴ የወጣን ቁጥር በሌላ ይዘት ደግሞ ማውጣት አይፈቀድም። የፓይተን ፓኬጆች የሚወጡበት ፓይፒአይም አንዴ የወጣ ፋይልን ስም፣ ፋይሉ ቢጠፋ እንኳ፣ ደግሞ አይቀበልም። ስለዚህ የተበላሸውን ሪሊዝ ገጽ ላይ «አትጠቀሙበት፣ 1.2.1ን ውሰዱ» ብላችሁ ጻፉ። ታጉ እንዳለ ይቆይ።

ታግ ሳላደርግ አልፌያለሁ። ከሦስት ወር በፊት ላወጣሁት አሁን ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። «ጊት ሎግ» ላይ ኮሚቱን ፈልጉና መለያውን ከታጉ ስም በኋላ ጨምሩ። ታጉ ላይ የሚመዘገበው ቀን የዛሬው ነው። ያ ችግር የለውም፤ የኮሚቱ ቀን እንዳለ ይቆያል። መልእክቱ ላይ ዘግይቶ የተደረገ መሆኑን ጻፉ።

ሜይን ላይ 2.0 እየሠራን ነው። 1.2.0 የሚጠቀሙት ግን ጥገና ይፈልጋሉ። እንዴት ይሆናል?

ከታጉ ላይ ብራንች አውጡ፦ «ጊት ስዊች -ሲ ጥገና-1.2 ቪ1.2.0»። ብራንቹን በአማርኛ መሰየም ጊት አይከለክልም፤ ሌሎች መሣሪያዎች እንዳያስቸግሩ ግን በላቲን ብትጽፉት ይሻላል። ስህተቱን እዚያ አስተካክሉ፣ ቪ1.2.1 ብላችሁ ታግ አድርጉ። ከዚያ ያንኑ ማስተካከያ «ጊት ቼሪ-ፒክ» ብላችሁ ወደ ሜይን ውሰዱት። ይህ የመጨረሻው ይረሳል። ሲረሳ 1.2.1 ላይ የጠፋው ስህተት 2.0 ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ሲአይ ላይ «ጊት ዲስክራይብ» ስም አላገኘሁም ይላል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ግን ይሠራል።

ሲአይ፣ ማለትም ፑሽ በተደረገ ቁጥር ኮዱን በራሱ የሚሞክርና የሚገነባ አገልግሎት፣ ዳታ ለመቆጠብ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻውን ወይም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኮሚቶች ብቻ ያወርዳል፤ ታጎቹ ላይመጡ ይችላሉ። የጊትሀብ ሲአይ በሆነው ጊትሀብ አክሽንስ ላይ «ፌች-ዴፕዝ»ን 0 አድርጉት። ያኔ ሙሉ ታሪኩ ከነታጎቹ ይመጣል።

ታግ መፈረም የግድ ነው?

መፈረም ማለት ታጉን ያደረጋችሁት እናንተ መሆናችሁን በምስጢር ቁልፍ ማረጋገጥ ነው። የግድ አይደለም፤ ሌላ ሰው የሚጭነው ነገር ከሆነ ግን ፈርሙ። «-ኤ» በሚለው ፈንታ «-ኤስ» ማለት ነው። ድሮ ጂፒጂ የሚባለውን የፊርማ ፕሮግራም ማዋቀር ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ይተወው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ጊት 2.34 ጀምሮ ግን ለፑሽ በምትጠቀሙበት ኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በደኅንነት መገናኛ) ቁልፍ መፈረም ይቻላል።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 «ቲጄ-አክሽንስ ቼንጅድ-ፋይልስ» የሚባል የጊትሀብ አክሽን (ሲአይ ላይ የሚሠራ ዝግጁ ኮድ) ተጠቃ። ከ23,000 በላይ ሪፖዎች ይጠቀሙበት ነበር። አጥቂው ነባሮቹን ታጎች ተንኮል ወዳለበት ኮሚት አዞራቸው። ታጉን አምነው የሚጠቀሙ ሰዎች ጋ፣ እነሱ ምንም ሳይቀይሩ፣ ሌላ ኮድ መሮጥ ጀመረ፤ የሚስጥር ቁልፎቻቸውም በሲአይ ሎግ ላይ ተጻፉ። የዳኑት ከታግ ይልቅ ሙሉ የኮሚት መለያውን የጻፉት ናቸው። እናንተም የሌላ ሰው አክሽን ስትጠቀሙ እንደዚያ አድርጉ። በራሳችሁ ሪፖ ላይ ደግሞ ታግ እንዳይንቀሳቀስና እንዳይጠፋ የሚያግደውን ሕግ አብሩ። ጊትሀብም ጊትላብም አላቸው።

ከሪሊዝ ገጹ የሚወርደው ፋይል ከታጉ ጋር አንድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በራሱ አይረጋገጥም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 የተጋለጠው የኤክስዜድ (ሊኑክስ ላይ ፋይል የሚያጨምቅ ፕሮግራም) ጥቃት ይህንን ክፍተት ነው የተጠቀመው። የ5.6.0 እና የ5.6.1 ሪሊዝ ፋይሎች ውስጥ፣ ጊት ላይ ባለው ኮድ ውስጥ የሌለ አንድ የግንባታ ስክሪፕት ገብቶ ነበር። ድብቁን በር የሚከፍተው እሱ ነው። ኮዱን ጊት ላይ ብቻ ያነበበ ሰው ያንን ስክሪፕት አያገኘውም። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ኤስኤስኤች መዘግየቱ አሳስቦት ሲመረምር ነው የደረሰበት።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ይህ ነው፦ የሚወርደውን ፋይል በላፕቶፕ ላይ አትሥሩ። ታግ ሲገባ ሲአይ ራሱ ከታጉ ላይ ይሥራው፣ ቼክሰሙንም አብሮ ያውጣ።

ታግ የማድረግ መብት ለማን ይሰጥ?

ከሁለት ላላነሱ፣ ከሦስትና ከአራት ላልበለጡ ሰዎች። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ችግሩ ቶሎ ይመጣል። እዚህ ብዙ ፕሮጀክት የሚጀመረው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ልጆቹ ይመረቃሉ፣ አዲስ አበባ ሥራ ይይዛሉ፣ ሪፖው በአንዱ የግል አካውንት ውስጥ ይቀራል። ከመጀመሪያው በኦርጋናይዜሽን አካውንት ክፈቱት። ሪሊዝ የሚወጣበትን ቅደም ተከተል ሪፖው ውስጥ በአንድ ፋይል ጻፉ፤ የፈራሚዎቹንም የሕዝብ ቁልፍ እዚያው አስቀምጡ። አንድ ሰው ሲሄድ የድሮ ፊርማዎቹ ይቆያሉ፤ አዲስ የማውጣት መብቱ ግን በዚያው ሳምንት ይነሳ።

የወጣው ታግ ውስጥ የይለፍ ቃል ወይም ኤፒአይ ቁልፍ አብሮ ገብቷል። አሁን ታጉን ላጥፋ?

ከታጉ በፊት ቁልፉን ሻሩት። አገልግሎቱ ጋ ገብታችሁ አሁኑኑ። የሕዝብ ሪፖ ላይ የወጣ ቁልፍ በደቂቃዎች ውስጥ በሮቦት ሊለቀም ይችላል፤ ታግ ማጥፋት ያንን አይመልሰውም። ኮሚቱም ፎርክ (ሌሎች የወሰዱት የሪፖው ቅጂ) ላይና ቀድመው ያወረዱት ሰዎች ጋ ይቆያል።

ቁልፉ ከተሻረ በኋላ ብዙውን ጊዜ ታሪክን መቀየር አያስፈልግም። ቁልፉን ከኮዱ አውጡ፣ አዲስ ፓች ቁጥር ሰጥታችሁ ሪሊዝ አድርጉ፣ የድሮው ገጽ ላይ ምን እንደተፈጠረ ጻፉ። የወጣው የሰዎች የግል መረጃ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ መረጃ አይሻርም። ያኔ «ጊት ፊልተር-ሪፖ» በሚባለው መሣሪያ ታሪኩን ማጽዳት ግድ ይላል። መረጃው ከገባበት ኮሚት ጀምሮ ያሉት ታጎች ወደ አዲስ ኮሚት ይዞራሉ። ለተጠቃሚዎች አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሁሉም የድሮውን ሰርዞ ከአዲስ ክሎን ማድረግ አለበት። መረጃቸው የወጣባቸውን ሰዎችም በቀጥታ አነጋግሩ።